ወርቅም ይጮኻል፤ ምስማርም ይጮኻል

ወርቅ የሚለውን ቃል ሰምቶ ጆሮውን የማያቀና ሰው ጥቂት ነው። በተለይም ወር በገባ በሃያኛው ቀን ኪሱን ቢዳብስ ከታክሲ ሒሳብ በቀር ሌላ ያጣ ወጣት ደመወዝተኛ፣ «እገሌ የተባለ ሰው በአንድ ጧት መሬት ጭሮ የቤት ዋጋ አገኘ» የሚል ወሬ ሲሰማ ልቡ ቢነሣሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህ ጸሐፊም ከዚሁ ወገን ስለ ሆነ በማንም ላይ አይፈርድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረና ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ተገናኝተን ቡና ስንጠጣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳየኝ። ሰፊ ባርኔጣ የደፋ አውስትራሊያዊ ረጅም ዘንግ ይዞ፣ በዘንጉ ጫፍ ያለውን ሰሐን መሰል ነገር በመሬቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል። ጥቂት ቆይቶ መሣሪያው ሲጮኽ ሰውዬው ተንበርክኮ ይቆፍራል፤ ከዚያም አንዲት ቢጫ ጠጠር አውጥቶ በጣቱ ያብሳታል። ወርቅ ናት።

«እቁቤ ደርሶኛል» አለኝ ጓደኛዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለት ሰዎች ከእኔ ጋር ናቸው። ሦስት ሆነን ይህን ዲቴክተር እንገዛና ወደ ወርቅ አገር እንወርዳለን።»

«ሥራህሳ?»

«እለቃለሁ።»

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ፤ የእኔ ደመወዝ ግን ዱሮም መዳብ ነው» ብሎ ሳቀ። ጥቂት ዝም ካለ በኋላም፣ «እስቲ አንተ መጽሐፍ መግለጥ ትወዳለህና ነገሩን መርምርልኝ፤ እቁቡን የምቀበለው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው» አለኝ።

እነሆ፤ የዛሬው ጽሑፍ ለእርሱ የሰጠሁት መልስ ነው። ከእርሱ ጋር ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘ ሌላም አንባቢ ሊኖር ስለሚችል በአደባባይ ማድረጉን መረጥሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቪክቶሪያ ምድር

ጓደኛዬ ያሳየኝ ሥዕል የተነሣበት አገር በአውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ቪክቶሪያ የተባለው ክፍለ ሀገር ነው። በ1851 በዚያ ወርቅ መገኘቱ በተሰማ ጊዜ ከእንግሊዝ፣ ከአየርላንድ፣ ከቻይናና ከአሜሪካ ሳይቀር ሕዝብ ጎረፈበት። ባላራትና ቤንዲጎ የሚባሉት ከተሞች በዚያ ወርቅ የደረጁ ናቸው። ይሁን እንጂ ምድሪቱ ባለቤት አልነበራትም ማለት አይደለም። እንደ ጃጃ ዉሩንግ ያሉት ነባር ሕዝቦች ከርስታቸው ተገፍተው፣ ወንዛቸው ደፍርሶና አደናቸው ተበትኖ ብዙ መከራ አይተዋል።

ቪክቶሪያን ከሌሎች የወርቅ አገሮች የሚለያት፣ ወርቋ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብቻ ሳይሆን በጠጠርና በጓል መልክ ከመሬት ፊት አጠገብ የሚገኝ መሆኑ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው። ወርቁ በመጀመሪያ ኳርትዝ በሚባለው ነጭ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ነበር። በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ፀሐይና ዝናም ድንጋዩን እየሰነጠቁ አፈር አደረጉት፤ ቀላሉን አፈር ጎርፍ ወሰደው። ወርቅ ግን ከውሃ አሥራ ዘጠኝ እጥፍ የሚከብድ፣ ዝገትም የማያውቀው ስለ ሆነ ብዙው ከተወለደበት ሳይርቅ ቀረ።

ለዚህም ትልቁ ምስክር በየካቲት 5 ቀን 1869 ሞሊያጉል በተባለው ቦታ የተገኘው ጓል ነው። ጆን ዲሰንና ሪቻርድ ኦትስ የተባሉ ሁለት ቆፋሪዎች በአንድ ዛፍ ሥር አጠገብ አፈር ሲቆፍሩ፣ ከመሬቱ ፊት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ዶማቸው ከአንድ ጠንካራ ነገር ጋር ተጋጨ። ድንጋይ መስሏቸው ነበር። ተጣርቶ ሲመዘን ንጹሕ ወርቁ 72 ኪሎ ግራም ያህል ሆነ። ዳኖሊ ወደምትባለው ከተማ በወሰዱት ጊዜ ይህን የሚችል ሚዛን ስላልነበረ፣ በአንጥረኛ መስፍ ላይ ተሰባብሮ በየቁራሹ ተመዘነ። ሳይሰበር ፎቶግራፍ ያነሣው ሰው ስላልነበረ ዛሬ መልኩን የምናውቀው በእጅ ከተሣለ ሥዕል ብቻ ነው። ስሙንም «እንኳን ደህና መጣህ፣ እንግዳ» አሉት።

ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በዚያው አገር ሁለተኛ ግርግር ተነሣ። አሜሪካ በ1971 ዶላርን በቁርጥ ዋጋ በወርቅ መለወጥዋን ካቆመች ወዲህ የወርቅ ዋጋ እየናረ ሄዶ በጥር 1980 አንዱ ወቄት በ850 ዶላር እስከ መሸጥ ደረሰ። (ወቄት ያልነው በዓለም የወርቅ ገበያ የሚሠራበትንና 31.1 ግራም የሚመዝነውን ነው።) በዚያው ዓመት ኪንጋወር በተባለች መንደር አጠገብ አንድ ሰው በዲቴክተር ሲፈልግ መሣሪያው ጮኸ። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ 27 ኪሎ ግራም የሚመዝን የወርቅ ጓል አገኘ። «የእምነት እጅ» የተባለው ይህ ወርቅ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ በአሜሪካ ላስ ቬጋስ ላለ የቁማር ቤት ተሸጠ። በጥር 2013 ደግሞ በባላራት አጠገብ አንድ ሰው ከስድሳ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 5 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ጓል አወጣ።

ጓደኛዬ እስከዚህ ድረስ ያለውን ያውቃል፤ ልቡን የሰረቀውም ይኸው ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ጋዜጣ የሚጽፈው ያገኘውን ሰው ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ጫካ፣ ያንኑ መሣሪያ ተሸክሞ ሲዞር ውሎ ምስማርና የጥይት እርሳስ በኪሱ ሞልቶ የተመለሰውን ሰው ማን ይጽፍለታል? የሎተሪ ዕጣ የወጣለት ሰው ፎቶግራፉ ይታተማል፤ ያልወጣለት ሁሉ ቢታተም ግን ጋዜጣው ወረቀት አይበቃውም።

የአንድ መሣሪያ ታሪክ

ዲቴክተር በመጀመሪያ ለወርቅ ተብሎ የታሰበ መሣሪያ አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው በሰው ቁስል ውስጥ ነው። በሐምሌ 2 ቀን 1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው በተኙ ጊዜ፣ ቴሌፎንን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረችውን ጥይት በድምፅ የሚያመለክት መሣሪያ ሠርቶ ቀረበ። ነገር ግን ሐኪሙ ጥይቷ በቀኝ በኩል ናት ብለው ስላመኑ፣ ቤል ሌላውን ጐን እንዲፈትሽ አልፈቀዱለትም። ከዚህም በላይ የአልጋው የብረት ሽቦ መሣሪያውን ያደናግረው እንደ ነበር ይነገራል። ፕሬዚዳንቱ በመስከረም 19 ቀን ሞቱ፤ አስከሬናቸው ሲመረመር ጥይቷ የተገኘችው በግራ በኩል ነበር።

ይህ ታሪክ ለወርቅ ፈላጊ ትልቅ ትምህርት አለው። መሣሪያ የሚናገረው በወሰዱት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ የት ልውሰደው የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ግን የሰው አእምሮ ነው።

ከዚያም ጌርሃርድ ፊሸር የተባለ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የፈለሰ መሐንዲስ፣ አውሮፕላን አቅጣጫውን የሚያውቅበት የራዲዮ መሣሪያ ሲሠራ፣ ማዕድን ባለበት አጠገብ መሣሪያው እንደሚስት ተመለከተ። ሌላው ሰው ስሕተት ብሎ የሚተወውን እርሱ ጥቅም አደረገው፤ በ1937ም ለብረት መፈለጊያው የፈጠራ መብት ተሰጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ዮዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኰንን በስኮትላንድ ሆኖ፣ አንድ ወታደር በእጁ ይዞ የሚሄደውን ፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ በ1942 በኤል አላሜን ጦርነት በግብፅ በረሓ ለፈንጂ ጠረጋ ዋለ። እንግዲህ ይህ ዛሬ ሀብት ፍለጋ የምንልከው መሣሪያ፣ ብዙ ትምህርቱን የቀሰመው ሞትን በመፈለግ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የገደል ማሚቶን ማስታወስ ይበቃል። እረኛ በገደል አፋፍ ቆሞ ሲጣራ ገደሉ ድምፁን ይመልስለታል። በመሣሪያው ሰሐን ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦም ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የማግኔት ኀይል ወደ መሬት ይልካል። መሬት ውስጥ ብረት፣ መዳብ፣ ወይም ወርቅ ካለ፣ በእርሱ ውስጥ ጥቂት የኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ይነሣል፤ ይህም የራሱን ደካማ የማግኔት ኀይል መልሶ ይልካል። መሣሪያውም ያን ሰምቶ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል።

ችግሩ ወርቅ የሚገኝበት መሬት ብዙ ጊዜ ቀይና ብረት የበዛበት መሆኑ ነው፤ መሬቱ ራሱ ስለሚጮኽ የወርቁ ድምፅ በጫጫታው ይሸፈናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሚንላብ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ዐይነት ለገበያ አወጣ። ይህኛው ኀይሉን አከታትሎ በአጭር በአጭሩ ይልክና ወዲያው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ተጣርቶ መልስ ሳይሰማ ደግሞ የሚጣራ እረኛ የማሚቶውን ድምፅ በራሱ ጩኸት ያጠፋዋል፤ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ግን ይሰማዋል። በዚህም የተነሣ ቀድሞ ተፈልጎ አለቀ በተባለ መሬት እንደ ገና ወርቅ ተገኘ።

መሣሪያው የማያውቀው

እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። አሁን ግን ሻጮች ቶሎ የማይናገሩትን እንናገር።

አንደኛ፣ መሣሪያው «ወርቅ» ብሎ አይጮኽም። የአሉሚኒየም ቁራጭ፣ የእርሳስ ጥይትና ትንሽ የወርቅ ጠጠር ለጆሮ እጅግ የተቀራረበ ድምፅ አላቸው። ብረትን እለያለሁ የሚለውም ጭምር ይሳሳታል፤ ስለዚህ ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች የጮኸውን ሁሉ ይቆፍራሉ። እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ነንና በቀላሉ ይገባናል፦ መሣሪያው የሚነግረን ሰሙን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ እንደ ዱቄት የደቀቀ ወርቅ አይሰማውም። በአገራችን በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጉጂና በሌሎችም ቦታዎች እናቶችና ወጣቶች በወንዝ ዳር በገበቴ የሚያጥቡት ወርቅ አብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። አንድ ሙሉ ጆንያ የወርቅ አፈር በመሣሪያው ሥር ቢያልፍ ዝም ሊል ይችላል፤ ገበቴዋ ግን ታወጣዋለች። ወርቅ ያለበት አገር ሁሉ የዲቴክተር አገር አይደለም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ጥልቀት አለ። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ወርቅ የምትሰማው ከመሬቱ ፊት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስትሆን ነው። ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ዘልቆ የሚሰማው ጓሉ ትልቅ ሲሆን ነው፤ ትልቅ ጓል ደግሞ ብርቅ ነው።

አራተኛ፣ ዋጋው ነው። ምርጥ ከሚባሉት አንዳንዶቹ ከአምስት ሺሕ ዶላር በላይ ያወጣሉ። በአፍሪካ ገበያ ፈላጊው በበዛ ጊዜም የሚንላብን ስምና መልክ የያዙ የሐሰት መሣሪያዎች ተሠራጭተው ኩባንያውን ብዙ ገቢ አሳጥተውታል። ሐሰተኛውን የገዛው ድኻ ግን ያጣው እቁቡን ነው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚባለው ይኸው አይደለምን?

በግጦሽ ሜዳ ላይ

ከመጽሐፍ የተገኘ ዕውቀት ብቻውን እንዳይሆን፣ አንድ እሑድ ጧት ጓደኛዬንና ይህን ጸሐፊ አንድ የምናውቃቸው ሰው ከከተማ ወጣ ወዳለ የግጦሽ ሜዳ ወሰዱን። ጋሼ እንላቸዋለን። ቀድሞ በምዕራብ ወርቅ አገር ብዙ ዓመት ሠርተው አሁን በንግድ ላይ ያሉ ሰው ናቸው፤ አሮጌ ዲቴክተራቸውንም አልሸጡትም። በዚያ ሜዳ ወርቅ ይገኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የመጣነው ጆሮ ለመማር ነው።

ጓደኛዬ መሣሪያውን ተቀብሎ ሣር እንደሚያጭድ ሰው በፍጥነት መወርወር ጀመረ።

«ቀስ በል አንተ ልጅ» አሉት ጋሼ። «ቡና እንደሚያምስ ሰው እጅህ አይቸኩል። ሰሐኑን ከመሬቱ አታርቀው። ያለፍህበትንም ግማሹን ደግመህ እለፍበት፤ የዘለልኸው መሬት ያልፈተሽኸው ነው።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሣሪያው ጮኸ። ጓደኛዬ እየተጣደፈ ቆፈረ። ምስማር ነው። እንደ ገና ጮኸ፤ የቢራ ቆርኪ። እንደ ገና፤ የሲጋራ ፓኮ ብራማ ወረቀት። ከዚያም የፈረስ ጫማ ብረት፣ የጥይት ቀለህ፣ አራት ምስማር፣ አንድ የተሰበረ የቁልፍ እጀታ። በስተመጨረሻ አንድ ለስላሳና ጥርት ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ጋሼም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህን ጊዜ አፈሩን የሚለዩበትን ዘዴ አሳዩን። ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር በላስቲክ ጭልፋ ዘግነው (የብረት ጭልፋ ራሱ ስለሚጮኽ አይሆንም) በሰሐኑ ላይ አሳለፉት። ጮኸ። ግማሹን ደፍተው የቀረውን አሳለፉ፤ ዝም አለ። የደፉትን መልሰው ዘግነው አሳለፉት፤ ጮኸ። እንዲህ እያሉ ግማሹን በግማሽ እየቀነሱ እፍኝ በማይሞላ አፈር ላይ ደረሱ። በመጨረሻ መዳፋቸው ላይ የቀረችው አሥር ሳንቲም ነበረች።

በሦስት ሰዓት ውስጥ ያገኘነው ሀብት ይህ ብቻ ነው። ላባችን ጠፈፍ ሲል ጓደኛዬ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባሉበት አገር በስንት ቀን አንድ ወርቅ ይገኝ ነበር?»

«እንደ ቀኑ ነው ልጄ። ሳምንት ሙሉ ምስማር ለቅሜ የገባሁበት ጊዜ አለ። ያገኘሁትም አብዛኛው ከአንድ ግራም በታች ነበር። ትልቅ ያገኘ ሰው አይቻለሁ፤ ያን ሰምቶ በሬውን ሸጦ የመጣ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ አይቻለሁ።»

«ታዲያ የሚያገኙት በምን ያገኛሉ?»

«በማወቅ። ድንጋዩን ያውቃሉ፤ ዱሮ ማን የት እንደ ቆፈረ ይጠይቃሉ። ወርቅ የሚገኘው ወርቅ ከተገኘበት አጠገብ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ መታከትን የማያውቅ ትከሻ ያስፈልጋል።»

ይህ የጋሼ ቃል በቪክቶሪያ የሚሠራበት እውነት ነው። በዚያም ያሉት ፈላጊዎች ቅዳሜና እሑድ ከመውጣታቸው በፊት የ1850ዎቹን የቁፋሮ ቦታ በካርታ ይመረምራሉ፤ የኳርትዝ ድንጋይ የት ከብረት ድንጋይ ጋር እንደሚገናኝ ይፈልጋሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹም ኑሯቸው በሌላ ሥራ ስለ ሆነ ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ሰኞ ጧት ደመወዝ አላቸው።

ጎረቤታችን ሱዳን

ነገሩ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ መሆኑ ቀርቶ የእንጀራ ጉዳይ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ከጎረቤት አገር መራቅ አያስፈልግም። ሱዳን በሐምሌ 2011 ደቡብ ሱዳን ስትገነጠል ከነዳጅ ዘይቷ አራት እጅ ሦስቱን ያህል አጣች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ ዲቴክተር የያዘ ሕዝብ በአቡ ሐመድ ዙሪያ ወዳለው በረሓ ይጎርፍ ነበር። የጥንት ግብፃውያን ወርቅ ያወጡበት የኑብያ ምድር ነውና አንዳንዱ በእውነት አገኘ። ወርቅም ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ንግድ ዕቃዎች አንደኛው ሆነ።

ነገር ግን መሣሪያው የመሬቱን ፊት ከጨረሰ በኋላ ቁፋሮው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከቁፋሮው ጋር ድጋፍ የሌለው ጉድጓድ፣ ወርቁን ለመያዝም መርዛማው ሜርኩሪ ይመጣል። በሰሜን ዳርፉር ጀበል አሚር በተባለው ቦታ በ2012 ወርቅ ተገኘ። በጥር 2013 በወርቁ ምክንያት በሁለት ጎሣዎች መካከል ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠርም ተሰደደ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የአንድ ጉድጓድ መደርመስ ከስድሳ የሚበልጡ ቆፋሪዎችን ቀበረ። በሚያዝያ 2023 የጀመረው የሱዳን ጦርነትም ከወርቅ ገንዘብ ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀ ነው።

በአገራችንም በሰሜኑ ክፍል፣ በተለይም በትግራይ፣ ዲቴክተር የያዙ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እዚያ ላይ አንድ ልዩ አደጋ አለ። ከ2020 እስከ 2022 በተደረገው ጦርነት ሳይፈነዳ በመሬት የቀረ ጥይትና ቦንብ አለ። ለመሣሪያው ያልፈነዳ ቦንብም ብረት ነው፤ ይጮኻል። ኮሳትስኪ ወታደር በጩኸቱ አደጋን እንዲያውቅ የሠራው መሣሪያ፣ በማያውቅ ሰው እጅ ወደ አደጋው የሚጠራ ይሆናል። ስለዚህ ጦርነት ባለፈበት ምድር የጮኸውን ሁሉ ከመቆፈር በፊት ቦታው መጠረጉን መጠየቅ ግዴታ ነው።

የፈቃድ ነገር

ይህን ገጽ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ወጣት ሹማምንት ናቸውና ስለ ሕጉ ጥቂት ቃል እጨምራለሁ። በቪክቶሪያ በ1850ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት በየቆፋሪው ላይ፣ ወርቅ አገኘም አላገኘም፣ በወር ሠላሳ ሽልንግ የፈቃድ ግብር ጣለበት። ፖሊሶች ፈቃድ ያልያዘውን እያሳደዱ ያስሩ ነበር። ምሬቱ በታኅሣሥ 1854 በባላራት ዩሬካ በተባለው ቦታ ወደ ዐመፅ ደርሶ ወታደሮች ምሽጉን ሲያፈርሱ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በሚከተለው ዓመት ያ ግብር ተሻረ፤ በዓመት አንድ ፓውንድ ብቻ የሚከፈልበት «የቆፋሪ መብት» የተባለ ወረቀት ተተካ፤ የመምረጥ መብትም አብሮ ተሰጠ።

ይህ ወረቀት እስከ ዛሬ በዚያ አገር ይሠራበታል። በጥቂት ገንዘብ ለአሥር ዓመት ይሰጣል፤ የያዘውም ሰው በተፈቀደው የመንግሥት መሬት በእጅ መሣሪያና በዲቴክተር ፈልጎ ያገኘው የራሱ ነው። ግዴታውም ግልጽ ነው፦ በሰው መሬት ያለ ባለርስቱ ፈቃድ አይገባም፤ በተከለከሉ ፓርኮች አይቆፍርም፤ የነባር ሕዝቦችን ቅርስ አይነካም፤ የቆፈረውን ጉድጓድ መልሶ ይደፍናል።

በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱ የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን በአንቀጽ 40 ደንግጓል። በ2010 የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቍጥር 678ም ባህላዊ የማዕድን ሥራ በፈቃድ እንዲሠራ፣ ፈቃዱንም ክልሎች እንዲሰጡ አድርጓል። ስለዚህ ዲቴክተር መያዝና ወርቅ ለመቆፈር መብት መያዝ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ጓደኛዬ ከሁለቱ ባልንጀሮቹ ጋር ባሰላው ሒሳብ ውስጥ የመሣሪያ ዋጋ፣ የመኪና ኪራይና ስንቅ ነበረ፤ ፈቃድ የሚል መስመር ግን አልነበረበትም። የአካባቢው ሰው፣ ወርቁን ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እያጠበ የኖረው፣ ምን ይላል የሚልም አልነበረበትም።

ነገ ከመካከላችን አንዱ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ኋላ ሲቀመጥ፣ በአንድ በኩል መሣሪያ የያዘ ወጣት፣ በሌላ በኩል ገበቴ የያዘች እናት ፊቱ ይቆማሉ። ፈቃድ ማግኘት እንደ ዩሬካ ዘመን ማሳደድ ከሆነ ወርቁም ሕዝቡም በሌሊት መንገድ ይሄዳል። ግልጽ፣ ርካሽና ቶሎ የሚሰጥ ከሆነ ግን ሁለቱም በቀን ይሠራሉ፤ ጉድጓዱንም የሚደፍን ይገኛል።

መልሴ

እንግዲህ ለጓደኛዬ ያልሁት ይህ ነው። ወርቅ መፈለግ ውሸት አይደለም፤ የሚያገኝም ሰው አለ። ነገር ግን መሣሪያውን ከመግዛትህ በፊት የምትሄድበት ምድር ወርቁ ጠጠር ይሁን ዱቄት እወቅ። ፈቃድ ካላቸው የአካባቢው ሰዎች ጋር ማኅበር ግባ እንጂ በላያቸው አትሂድ። ማጣት የማትችለውን ገንዘብም አታውጣ። «ላም አለኝ በሰማይ» ላለው ሰው ወተቱን ማን ያልብለታል?

እርሱም ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ የሜዳውን አሥር ሳንቲም በጣቶቹ መካከል ሲያገላብጥ ቆየ። ለመታሰቢያ ይዟት ኖሯል። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ይህን ነው፦ የእቁቡን ተራ እናቷ ለታመመችባት ለአንዲት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ለውጦ የእርሷን ወስዷል፤ የእርሷ የሚደርሰው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ሥራውን አልለቀቀም። ባለፈው እሑድ ቤቱ በሄድሁ ጊዜ አልጋው ላይ አንድ ትልቅ የጂኦሎጂ ካርታ ዘርግቶ፣ ነጩ ድንጋይ የት እንደሚጀምር በእርሳስ ሲያሰምር አገኘሁት።

«አሁንም ትሄዳለህ ማለት ነው?» አልሁት።

«ምናልባት» አለኝ፤ ዐይኑን ከካርታው ሳያነሣ።